የቅድስት ኢዳ የጎን በር

ዙሪክ፣ ዜባህ
ጥቅምት 22 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለተከበሩ ለጋሼ ሀብተወልድ፣

ይህ ወረቀት በጤናዎ ያግኝዎ። ጉልበትዎን እንዴት አድርጎታል? እኔ ብርዱ ሲገባ ከሚነሳብኝ ሳል በቀር ደህና ነኝ፤ ያቆመኝ ይመስገን። ከቢረሳው ሙት ዓመት ወዲህ አልተያየንም። ባሌ የአክስትዎ ልጅ ስለሆነ እንደ ዘመድ ልጠይቅዎ ይገባ ነበር፤ እርስዎም እንደዚሁ። ከጄኔቫ ዙሪክ በባቡር ሦስት ሰዓት መሆኑን ሁለታችንም ስለምናውቅ መንገድ ራቀ ብዬ አላመካኝም።

የምጽፍልዎ ስለ ቅድስት ኢዳ ነው። እርስዎ የማኅበራችን ሊቀ መንበር በነበሩበት ጊዜ፣ ካቶሊኮቹ ቅዳሴያቸውን ጨርሰው ሲወጡ እኛ የምንገባባት ቤተ ክርስቲያን። ማኅበሩ ሌላ ቦታ ከሄደ፣ እርስዎም ወደ ጄኔቫ ከተዛወሩ በኋላ እኔ አልራቅኋትም። ቤቴ ፊት ለፊቷ ነው። ጠዋት ጠዋት ኋላ ወንበር ላይ እቀመጣለሁ። አልቆርብም፣ ሰው አላስቸግርም። ይሞቃል፣ ጸጥ ይላል።

አሁን ትታደሳለች። እድሳቱን የሚያስኬደው ኮሚቴ የቤተ ክርስቲያኗን ታሪክ በመጽሐፍ ሊያሳትም ስለሆነ የቆዩ የአጥቢያ መጽሔቶችን አውጥተው አሰናድተዋል፤ እኔም መዝገበ ቃላቴን ይዤ ሳነብ ከረምኩ። ያነበብኩትን ባጭሩ ልንገርዎ። ይህች ከተማ የፕሮቴስታንት ከተማ ነበረች። ካቶሊክ የሚባለው ለፋብሪካ ሥራ ከሌላ ክፍለ ሀገር የመጣ ድሃና ጣልያን ግንበኛ ነው። ቤት ስላልነበራቸው አንድ መጠጥ ቤት አዳራሹን አዋሳቸው። ቅዳሜ ማታ ሲጨፈርበት ያደረውን ወለል እሑድ ማለዳ ሴቶቹ አጥበው ይቀድሱበት ነበር። በኋላ መሬት ገዙ፤ ጣልያኖቹ ቅዳሜያቸውን እየሰጡ ጡቡን ደረደሩ። ከዋናው በር በስተግራ ለጥምቀት ብቻ አንዲት ክፍል ሠሩ፤ ያልተጠመቀ ሕፃን በትልቁ በር አይገባም ብለው ከውጭ የራሷ በር አደረጉላት። ከሠላሳ ዓመት በኋላ ደግሞ ልጆቻቸው ዘመናዊ እንሁን ብለው ሐውልቶቹን አወጡ፣ ግድግዳውን ነጭ ቀቡ፣ የጥምቀቱን ገንዳ ወደ ፊት ወሰዱት። ክፍሏ የወንበር ማከማቻ ሆነች። እኛ ስንመጣ ወንበሮቹን አውጥተው ለእኛ የሰጡን እሷን ነው።

በአዲሱ ፕላን ክፍሏ መጸዳጃ ቤት ሆናለች። የጎን በሩም በጡብ ይደፈናል።

ኮሚቴውን የምትመራው ጡረታ የወጣች አስተማሪ ናት፤ ወይዘሮ ኩስተር ትባላለች። እዚያ ክፍል ውስጥ ምን ታደርጉ ነበር ብላ ጠየቀችኝ። ካህናቱ ይለብሱበት እንደነበር፣ ልጆቻችን ይጠመቁበት እንደነበር ነገርኳት። ጻፈችው። ነገር ግን የኋላ ወንበር ሴት ያወራችው ለኮሚቴው አይበቃውም፤ የማኅበሩ ኃላፊ የነበረ ሰው በጽሑፍ ቢያረጋግጥ ይሻላል አለችኝ። አባ ቸርነት አርፈዋል። የቀሩት እርስዎ ነዎት።

የምለምንዎ በዚያ ክፍል የነበረውን፣ ያለውን እውነት በአንድ ገጽ እንዲጽፉላቸው ነው። በፈረንሳይኛ ቢሆንም ያስተረጉሙታል። ክፍሉ ክፍል፣ በሩም በር ሆኖ እንዲቀር እፈልጋለሁ። ሌላ አልፈልግም።

አክባሪዎ
ተናኘወርቅ


ጄኔቫ፣ ኦኔ
ጥር 30 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለእህቴ ለወይዘሮ ተናኘወርቅ፣

ሰላምታዬ ይድረስሽ። በአማላጅነቷ የምትጠብቀን እመቤት ከሳልሽ ትማርሽ። እኔ ጤንነቴ ጥሩ ነው፤ ጊዜ ግን የለኝም። የዲፕሎማሲ ዘመኔን ትዝታ እየጻፍኩ ስለሆነ የሌላውን ሰው ደብዳቤ ወደ ጎን አድርጌው ነበር። ሦስት ወር መዘግየቴን በዚህ ተረጂልኝ።

ሽንት ቤት ሊያደርጉት ነው ብለሽ መደንገጥሽ ገርሞኛል። ተናኜ፣ ሌላው ክፍል መቼ ከዚያ ተሽሎ ያውቃል? እኔ መጀመሪያ የገባሁ ቀን የባቡር ጣቢያ መስሎኝ ሰዓቱን ፈልጌአለሁ። ሥዕል የለ፣ መጋረጃ የለ፣ ጫማውን የሚያወልቅ የለ። ሰዉ እግሩን አነባብሮ ይጸልያል። ቄሱ ጊታር ያስመታል። የጭፈራ አዳራሽ ውስጥ ጀመሩ ብለሽ የጻፍሽው እኔን አላስደነቀኝም፤ መቼ ወጡና?

እኛ ዝናብ እንዳይመታን ተጠለልንባቸው እንጂ የእነሱ ግንብ ለእኛ ምናችንም አይደለም። ያንቺ እዚያ ኋላ ወንበር ላይ መቅረት ለቤተሰቡ የማያስደስት ነገር መሆኑን ቢረሳው በሕይወት ሳለ ነግሬው ነበር። እሱ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ‘መጽሐፍ ታነባለች፣ ተዋት’ ይለኝ ነበር። ማንበብ ጥሩ ነው። ዕድሜዋን በሆስፒታል ልብስ ማጠቢያ ላሳለፈች ሴት ጊዜ ያሳልፋል። ነገር ግን ከመጽሔት የለቀሙትን ይዞ ለኮሚቴ መካሪ መሆን ሌላ ነው።

ለመሆኑ ያልሽው መጽሐፍ በእርግጥ ይታተማል? ፎቶግራፍ ይኖረዋል? ስለ እኛ ማኅበር የሚጽፈው ማን ነው፣ ከአንቺ ሌላስ ማንን ጠይቀዋል? ይህን አጣርተሽ ጻፊልኝ። በኢሜይል አትላኪ፤ ኢሜይል የነጋዴ ነው።

ወንድምሽ
ሀብተወልድ


ዜባህ
የካቲት 12 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለተከበሩ ለጋሼ ሀብተወልድ፣

የጤናዎን ወሬ በመስማቴ ደስ ብሎኛል፤ እንዲሁ ይዝለቅልዎ። ልብስ ማጠቢያ ውስጥ መሥራቴን ስላስታወሱልኝ አመሰግናለሁ። እኔም የእርስዎን የዲፕሎማሲ ዘመን አልረሳሁም። ሰነድ ከፎቅ ወደ ፎቅ የሚያመላልሱበት ጋሪ አንደኛው ጎማው እየጮኸ አምባሳደሮቹን ያስቆጣ እንደነበር ቢረሳው እየሳቀ ያጫውተኝ ነበር። በትዝታዎ ውስጥ ጋሪውን እንዳይረሱት።

የጠየቁኝን ልመልስ። መጽሐፉ ይታተማል፤ ፎቶግራፍም አለው። ‘እንግዶቻችን’ የሚል ምዕራፍ ስለ እኛ ይኖራል፤ ጸሐፊዋ ወይዘሮ ኩስተር ናት። ከእኔ ሌላ ሉሉን ጠይቃታለች። ኡስተር ድረስ ሄዳ ቤቷ ተቀምጣ ነው ያነጋገረቻት።

ሉሉ የነገረቻት ስለዚያ የጥር እሑድ ነው። ወይዘሮ ኩስተር አንብባልኛለች። ማኅበሩ ለሁለት ተከፍሎ ነበር ይላል፤ በሃይማኖት ሳይሆን ማን ሊቀ መንበር ይሁን በሚል። ሉሉና ባሏ ከወጡት ጋር ነበሩ። እነዚያ የሚሰበሰቡበት የትምህርት ቤት አዳራሽ ለጥምቀት ስለማይሆን፣ ልጇ አርባ ቀን የሞላው ዕለት ታቅፋው ወደ ቅድስት ኢዳ መጣች። በትልቁ በር ወንዶች ቆመው ስለነበር ሕፃን የያዘች ሴት ሁሉ በምትመጣበት በጎን በር መጣች። በረዶ ይጥል ነበር። አንኳኳች። ከውስጥ አንዲት ሴት ‘ቁልፍ የለኝም’ አለቻት።

የሴትዮዋን ስም አልተናገረችም። ስደተኛ መጠለያ ውስጥ ለሁለት ዓመት አንድ ክፍል ያደርን መሆናችንን ግን ተናግራለች። ልጁ በአርባ ቀኑ ሳይጠመቅ ቀረ፤ ከወር በኋላ ሌላ ከተማ ወስዳ አስጠመቀችው። ከዚያ በላይ አልጻፈችም፤ እኔም ለእርስዎ አልጨምርም።

ኮሚቴው በግንቦት መጨረሻ ይወስናል። የለመንኩዎትን ያስቡበት።

ተናኘወርቅ


ኦኔ
የካቲት 16 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለውድ እህቴ ለወይዘሮ ተናኘወርቅ፣

የሰማይ አምላክ ከነቤትሽ ይጠብቅሽ። ደብዳቤሽ ዛሬ ጠዋት ደረሰኝ፤ ከሰዓት ልመልስ ተቀመጥኩ። ስለ ጋሪው ያልሽውን እንዳላየሁ አልፌዋለሁ፤ ሙት ማውራት ይወዳል እንዴ?

ጉዳዩን ሳስበው አንቺ ትክክል ነሽ። ክፍሉ ሊደፈር አይገባም። እኔም እንደ ቀድሞ ሊቀ መንበር ኃላፊነት አለብኝ። ነገር ግን እነዚህን ሰዎች አታውቂያቸውም። ‘ካህናት ይለብሱበት ነበር’ ስትያቸው ካፖርት መስቀያ ይመስላቸዋል። የሚገባቸው ትልቅ ነገር ነው። ስለዚህ በዚያ ክፍል፣ በቁም ሳጥኑ ውስጥ፣ ታቦታችን ያድር እንደነበር እጽፍላቸዋለሁ። ታቦት ያደረበት ቦታ በእኛ ዘንድ ምን ማለት እንደሆነ በሁለት ገጽ አስረዳቸዋለሁ። ያንን አንብቦ ሽንት ቤት የሚሠራ ስዊዛዊ ካለ ልየው።

አንቺም በበኩልሽ አንድ ነገር ታደርጊያለሽ። ሉሉ የጀመረችውን ወሬ ሰው እንደፈለገው ሊተረጉመው ይችላል። ሊቀ መንበሩ ሕፃን ከበር አስመለሰ ተብሎ በጀርመንኛ እንዲታተም አልፈቅድም። ልጆቼ ያነቡታል። ዙሪክ የሚያድጉት የልጅ ልጆቼም ከጀርመንኛ በቀር ማንበብ የሚችሉት የለም። ስለዚህ በሩን የቆለፍሽው ራስሽ መሆንሽን፣ ማንም እንዳላዘዘሽ፣ ሊቀ መንበሩም በጊዜው እንዳላወቀ ለወይዘሮዋ በፊርማሽ ስጪያት።

ይህን ስልሽ ልበድልሽ ብዬ አይደለም። ቁልፉ በማን እጅ ነበር? እስቲ ራስሽ መልሺው። የአንቺ ወረቀት ሲደርሳቸው የእኔ ይከተላል።

ወንድምሽ
ሀብተወልድ


ዜባህ
መጋቢት 10 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለጋሼ ሀብተወልድ፣

ደህና ከርመዋል ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ።

ቁልፉ በእኔ እጅ ነበር። ይህን ማንም ጠይቆኝ አያውቅም እንጂ ቢጠይቁኝ አልክድም ነበር። ትናንት ለወይዘሮ ኩስተር አንድ መስመር ጽፌ ሰጥቻለሁ፤ ‘በሩን የቆለፍኩት፣ ቁልፍ የለኝም ያልኩትም እኔ ነኝ’ ይላል። ፈርሜበታለሁ። እርስዎ የጨመሩትን፣ ማንም አላዘዘኝም የሚለውን፣ አልጻፍኩም። አዘውኛል ብዬም አልጻፍኩም። በዚህ ይብቃዎት።

ስለ ታቦቱ ግን አንድ ነገር ልበልዎ። ቁም ሳጥኑን ቅዳሜ ቅዳሜ የምጠርገው እኔ ነበርኩ። በውስጡ የነበረው ልብሰ ተክህኖ፣ ጧፍና የአባ ቸርነት የክረምት ጫማ ነው። አባ የካቶሊክ ቁም ሳጥን ስለማያምኑ ታቦቱን አንድም ቀን እዚያ አሳድረውት አያውቁም፤ ይዘው ይመጣሉ፣ ይዘው ይሄዳሉ። ትራም ውስጥ ሳይቀመጡ ቆመው የሚሄዱት ለዚህ ነበር። እርስዎም አብረዋቸው ቆመው ይሄዱ ነበር፤ ረስተውት ከሆነ ላስታውስዎ ብዬ ነው።

እኔ የለመንኩዎ ያለውን እንዲጽፉ ነበር። ልጆች ተጠምቀውበታል ማለት አነሰብዎ? ለሌላው የሚጠየቁበት እርስዎ ነዎት።

ተናኘወርቅ


ኦኔ
ሰኔ 20 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለእህቴ ለወይዘሮ ተናኘወርቅ፣

ምስጋና ለእርሱ ይሁንና ነገሩ በእኔ ሐሳብ ሄደ። ወይዘሮ ኩስተር ክፍሉ እንደማይነካ ጽፋልኛለች። ደብዳቤሽን አንብቤ አልተቆጣሁም። ሴት ልጅ የጓዳውን ዕቃ ታውቃለች፤ የታሪክን ትርጉም የሚያውቅ ሌላ ነው። ቢያድር ኖሮ የት ያድር ነበር? እዚያው አይደል? ታዲያ ምን ዋሸሁ?

እነዚህ ሰዎች በትልቅ ቃል እንደሚገዙ ነግሬሽ ነበር። ያንቺን እውነት ይዘሽ ብትሄጂ ዛሬ እዚያ ቦታ ሴራሚክ እየለጠፉ ነበር።

አሁን የሚቀረው በክፍሉ በር ላይ የሚደረገው ጽሑፍ ነው። በነሐስ ቢሆን ይመረጣል። ‘በስዊዘርላንድ የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ታቦት ማደሪያ፤ በክቡር አቶ ሀብተወልድ ሊቀ መንበርነት ዘመን’ የሚል በሦስት ቋንቋ ጽፌ ልኬላቸዋለሁ። ‘ክቡር’ የሚለውን በጀርመንኛ እንዴት እንዳሉት ተመልከቺልኝ፤ በጀርመንኛ ሲሆን ነገር ሁሉ የመድኃኒት ስም ይመስላል። በምረቃው ቀን ፊተኛው ወንበር እንዲያዝልኝ አድርጊ። ሉሉ የምትጋበዝ ከሆነ አጠገቤ እንዳትሆን።

ወንድምሽ
ሀብተወልድ


ኦኔ
ነሐሴ 25 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለወይዘሮ ተናኘወርቅ፣

ሰላም ለአንቺ ይሁን። ካለፈው ክረምት ወዲህ ሦስት ደብዳቤ ጽፌልሽ መልስ የለም። ታመሽ ከሆነ ይማርሽ፤ ንቀሽኝ ከሆነም እወቂው ብዬ ነው።

የምረቃው ጥሪ ደርሶኛል። ‘ለአቶ ሀብተወልድ’ ይላል፤ እንደ ቧንቧ ሠራተኛ። ስለ ነሐሱ ጽሑፍ አንድ ቃል የለበትም። ወይዘሮዋ ዘንድ ብደውል ‘ተናኘ ታስረዳዎታለች’ ትለኛለች። አንቺ ከመቼ ወዲህ ነው የእኔ አስረጂ የሆንሽው?

በአጭሩ ጻፊልኝ። ጽሑፉ አለ ወይስ የለም? ከሌለ የባቡር ወንበር አላሞቅም።

ሀብተወልድ


ዜባህ
መስከረም 30 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለተከበሩ ለጋሼ ሀብተወልድ፣

አዲሱን ዓመት በጤና የተቀበሉት ያድርግልዎ። መልስ በማዘግየቴ አላዘንኩም። ደግሞም የሚነገረው ነገር ሳያልቅ መጻፍ አልፈለግኩም። አሁን አልቋል።

ከመጀመሪያው ልንገርዎ። ያን ጊዜ በግንቦት ደብዳቤዎ በኮሚቴው ፊት ሲነበብ እኔም ተጠርቼ ነበር። ተርጓሚዋ በጀርመንኛ ስታደርገው ይበልጥ ተንዛዛ። ‘የታቦት ማደሪያ’ ከሚለው ሲደርሱ አባቱ ያን ግንብ ከሠሩት አንዱ የሆነ አንድ ሽማግሌ ጣልያን ተነሥቶ አማተበ። ሌሎቹም አንገታቸውን ሰበሩ። ለማያውቁት ነገር እንዲህ ሲጨነቁ ሳይ አፈርኩ። እርስዎ የናቋቸው እነዚህን ነው። እኔ ግን ዝም አልኩ። ኋላ ወንበር ላይ ተቀምጬ፣ እውነቱን እንደዚያን ጊዜ ቁልፍ በእጄ ጨብጬ ዝም አልኩ። ስብሰባው ተበተነ፤ አንድ ሰው እጄን ጨብጦ አመሰገነኝ።

በማግስቱ ወይዘሮ ኩስተር ቤት ሄድኩ። ታቦቱ እዚያ አድሮ እንደማያውቅ ነገርኳት። ቀጥዬም በሰጠኋት መስመር ላይ ሌላ መስመር ልጨምር እንደምፈልግ ነገርኳት። ሴትዮዋ መነጽሯን አውልቃ ጥቂት ካየችኝ በኋላ ሣቀች።

‘ወይዘሮ ተናኘ’ አለችኝ፤ ሙሉ ስሜ ከከበዳት ዓመታት ሆኗታል። ‘የጎን በሩማ የሚቀር ነው። የእሳት አደጋ ተቆጣጣሪው መጥቶ፣ ይህን ያህል ሰው የሚይዝ ቤት ሁለተኛ መውጫ ከሌለው አልፈርምም ካለ ሦስት ሳምንቱ ነው። መጸዳጃው ወደ ማዶ ሄዷል፤ የውኃው መስመርም ለዚያ ይቀርባል።’

‘ታዲያ ትናንት ያንን ሁሉ ለምን አስነበብሽ?’ አልኳት።

‘ሰውየው ብዙ ደክሞበታል፤ አለማንበብ ነውር ይሆናል ብዬ’ አለችኝ።

እንግዲህ ጋሼ፣ በሩን ያተረፈው የእርስዎ ታቦትም የእኔ ፊርማም አይደለም። መለኪያ ይዞ የመጣ አንድ ተቆጣጣሪ ነው። እኛ ሁለታችን በደብዳቤ ስንገበያይ የከረምንበት ነገር ቀድሞ ተወስኖ ነበር። ይህን ሳውቅ ልቆጣ አስቤ ነበር፤ ሣቅ ቀደመኝ። ቢረሳው ከሞተ ወዲህ እንደዚያ ስቄ አላውቅም።

የታቦቱ ነገር ከመጽሐፉ ወጥቷል። ስለዚህ የነሐስ ጽሑፍ የለም። የእርስዎ ስም ግን በገጽ አርባ አንድ ላይ አለ። ከእኔ መስመር ቀጥሎ የጨመርኩት ይህ ነው፤ ‘ቁልፍ የለኝም እንድል የነገሩኝ ሊቀ መንበራችን አቶ ሀብተወልድ ናቸው። እምቢ ማለት እችል ነበር። አላልኩም።’ የልጅ ልጆችዎ በጀርመንኛ ሊያነቡት ይችላሉ፤ ቋንቋው ቀላል ነው። ‘ክቡር’ የሚለውን ቃል አላስገቡትም፤ ወይዘሮ ኩስተር በቧንቧ ሠራተኛውም ስም ላይ አላስገባችም።

ቤተ ክርስቲያኗ አሁን ታምራለች። ከነጩ ቀለም ሥር ሰማያዊ ቀለም አገኙና በአንደኛው ግድግዳ ላይ እንዳለ ተዉት፤ ጣልያኖቹ መጀመሪያ የቀቡት ነው። ሌላው ያው ነጭ ነው። እርስዎ ቢያዩት አሁንም ሰዓት ይፈልጉ ነበር። በምረቃው ቀን ስምዎ የተጻፈበት ካርድ በሦስተኛው ረድፍ ወንበር ላይ ነበር። ቅዳሴው ሲጀመር ያ ሽማግሌ ጣልያን ካርዱን አንሥቶ በሁለት እጁ ይዞ አነበበውና ኮቱን አስቀመጠበት።

የጎን በሩ ብረት ሆኗል። በውስጥ በኩል በወገብ ልክ አግድም የተጋደመ ዘንግ አለው፤ ሲገፉት ይከፈታል። ከላዩ ላይ የሚሮጥ ሰው ያለበት አረንጓዴ መብራት ሰቅለዋል። በውስጥ በኩል መቆለፊያ ማድረግ ሕጉ አይፈቅድም አሉኝ። ከእንግዲህ በዚያ ክፍል የሚቆም ሰው የቁልፍ ምክንያት አይኖረውም። ይህን ስሰማ ሠራተኛው ፊት ዘንጉን ደጋግሜ ገፋሁት፤ ተበላሽቶ እንደሆነ ልይ ያልኩ መሰለው።

ሰዉ ሁሉ በትልቁ በር ገባ። እኔ ክፍሏ ውስጥ ነበርኩ፤ የወይዘሮ ኩስተር አበባ ውኃ እስኪጠጣ እዚያ አቁመውት ነበር። በሩ ተንኳኳ። ሁለት ጊዜ፣ ከዚያ አንድ። እንደዚያ የሚያንኳኳ ሰው አንድ ነው የማውቀው።

ዘንጉን ገፋሁ።

ሉሉ ናት። ፀጉሯ ሙሉ በሙሉ ሸብቷል። ጥቁር ካፖርት ለብሳ፣ ነጠላዋን ከላይ ደርባ፣ መጽሐፉን በብብቷ ይዛለች። ከእግሬ እስከ ራሴ አየችኝ፤ ልብስ ገዝታ ስፌቱን እንደምታይ ሴት።

‘ቁልፉ ተገኘ?’ አለችኝ።

‘ቁልፍ የለውም’ አልኳት። በዚህ ጊዜ እውነቴን ነበር።

ብዙ ዓመት ሳዘጋጀው የኖርኩት ንግግር ነበረኝ፤ በመጽሐፍ ቋንቋ የተጻፈ። አንድ ቃል አልመጣልኝም፤ ባይመጣም ተሻለ። ከኋላዬ አንዲት ስዊዛዊት በጀርመንኛ ነፋስ እየገባ ነው፣ ወይ ግቡ ወይ ውጡ ስትል ተቆጣች።

‘ምን አለች?’ አለችኝ ሉሉ፤ ጀርመንኛውን ከእኔ አሳምራ እያወቀችው።

‘ግቢ አለች።’

‘እሷ ናት ያለችው?’

‘እኔም ብያለሁ።’

‘ታዲያ በሩ ላይ አትቁሚብኛ’ አለችኝ።

ዞር አልኩላት። በዚያ ቤት ውስጥ ጫማ የሚያወልቅ እንደሌለ እርስዎ ጽፈውልኝ ነበር። ሉሉ ደፉን ተሻግራ ቆመችና፣ አረንጓዴውን መብራት ቀና ብላ አየች፤ ከዚያ ሚዛኗን እንዳትስት ትከሻዬን ይዛ ጫማዋን አወለቀች። እጇ ከባድ ነው። ሁለተኛውን እስክታወልቅ ድረስ አላነሣችውም።

ለእርስዎ የምነግርዎ ይህን ያህል ነው። ለጉልበትዎ ይጠንቀቁ፤ ኦኔ ደረጃ ይበዛል ይባላል።

ተናኘወርቅ